ብናኙ ከተመጠጠ በኋላ፦ በክኒን ፋብሪካ የቫኪዩምና የማጣሪያ አያያዝ

ይህ ጽሑፍ ክኒንና ካፕሱል በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠሩ የፈረቃ ኃላፊዎች፣ የጥገና ሠራተኞችና የጥራት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ውድ ቫኪዩም ገዝቶ፣ ምርጥ ማጣሪያ ገጥሞ፣ ማታ ላይ ማጠራቀሚያውን ኮሪደር ላይ የሚገለብጥ ፋብሪካ ብናኙን ሰብስቦ መልሶ በተነው እንጂ አልተቆጣጠረውም። ዱቄቱ ከፈሰሰበት ቦታ ተነሥቶ በእሳት እስኪወገድ ድረስ የሚሄድበት መንገድ በሙሉ ዝግ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የሚያነቡት ሁሉ ያንን መንገድ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ስለ መዝጋት ነው።

በመጀመሪያ የምንነጋገረው ስለ ምን ያህል ዱቄት እንደሆነ ግልጽ ይሁን። አንዳንድ ኃይለኛ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ሆርሞኖችና የካንሰር መድኃኒቶች፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ገደብ ይጣልባቸዋል። የእርስዎ የክኒን መጭመቂያ ክፍል 6 ሜትር በ6 ሜትር፣ ከፍታውም 2.8 ሜትር ቢሆን ወደ 100 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ስለዚህ በክፍሉ አየር ውስጥ በጠቅላላው ሊንሳፈፍ የሚፈቀደው 100 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አንድ ግራም 1,000,000 ማይክሮግራም ነው። በሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚነሣ አንድ ግራም ዱቄት ሙሉ በሙሉ አየር ላይ ቢበተን ገደቡን 10,000 ጊዜ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ዓይን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ክፍሉ ጥርት ብሎ እየታየ ሠራተኛው ከሚገባው እጅግ የበለጠ ሊተነፍስ ይችላል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፖርቶ ሪኮ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን በሚመረትበት ፋብሪካ ወንዶቹ ሠራተኞች ጡታቸው ማበጥ ጀመረ፤ ሴቶቹ የወር አበባቸው ተዛባ። ሲመረመር ምክንያቱ በሥራ ላይ ወደ ሰውነታቸው የገባው የኢስትሮጅን ብናኝ ሆኖ ተገኘ። ጉዳቱ በሠራተኛው ላይም አያበቃም። የፔኒሲሊን ብናኝ በቫኪዩም ጎማ ላይ ተጣብቆ ወደ ሌላ ምርት ከተሻገረ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ታካሚ ሌላ መድኃኒት እየዋጠ መስሎት ሊሞት ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት አመራረት ደንብ ፔኒሲሊን ከሌሎች መድኃኒቶች በተለየ ቦታና ፈጽሞ በተለየ የአየር ሥርዓት እንዲመረት የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው አደጋ እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ ኪንስተን ከተማ የሚገኘው የዌስት ፋርማሲዩቲካል ሰርቪስስ ፋብሪካ ፈንድቶ 6 ሠራተኞች ሞቱ፤ በርካቶች ቆሰሉ። ፋብሪካው የመርፌና የመድኃኒት ዕቃ ላስቲኮችን ያመርት ነበር። የፈነዳው ከላስቲኩ ላይ የሚረግፈው ደቃቅ የፖሊኢትሊን ዱቄት ነው። ይህን ጉዳይ ለጽዳት ቡድን ሁልጊዜ መንገር የሚገባው በአንድ ምክንያት ነው፦ የምርት ክፍሉ ያለማቋረጥ ይጸዳ ነበር። ዱቄቱ የተከማቸው ማንም ቀና ብሎ በማያየው ከኮርኒሱ በላይ ባለው ክፍተት ነው። ከ5 ዓመት በኋላ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በኢምፔሪያል ሹገር ፋብሪካ 14 ሰው የገደለው ደግሞ ስኳር ነው። እኛ ክኒን ውስጥ የምንጨምራቸው ላክቶስ፣ ስታርችና ማግኒዥየም ስቴሬትም ይቃጠላሉ። «ይሄ እኮ መሙያ ብቻ ነው» የሚለውን አነጋገር ከፋብሪካዎ ያስወጡት።

ማሽን ከመምረጥዎ በፊት ዱቄቱን ይወቁ

ወደ ፋብሪካው የሚገቡትን ጥሬ ዕቃዎች በሙሉ ይዘርዝሩና ለእያንዳንዳቸው የደኅንነት መረጃ ቅጽ ከአቅራቢው ይጠይቁ። ከቅጹ ላይ የሚፈልጉት አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሠራተኛው በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሊተነፍሰው የሚፈቀደው መጠን ስንት ነው? ብዙ ኩባንያዎች መድኃኒቶችን ከ1 እስከ 5 በሚቆጠር የአደገኛነት እርከን ይመድባሉ፤ ነገር ግን የእርከኑ ድንበር ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ «እርከን 4 ነው» የሚል መልስ አይበቃዎትም። ቁጥሩን በማይክሮግራም ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ዱቄቱ አለርጂ ያስነሣል? ሆርሞን ነው? ሴል ያጠፋል? ፅንስን ይጎዳል? ሦስተኛ፣ በአየር ላይ ተበትኖ ይፈነዳል? የሚቀጣጠለውስ በስንት ሚሊ ጁል ብልጭታ ነው? ከ10 ሚሊ ጁል በታች የሚቀጣጠል ዱቄት ከሰው ገላ በሚወጣ የስታቲክ ብልጭታ እንኳ ሊነሣ ይችላል። አራተኛ፣ በውኃ ይሟሟል? ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ማሽኑን በምን እንደሚያጥቡት የሚወስነው እሱ ነው።

ከዚያ የምርት መስመሩን ከሚዛን ክፍል እስከ ማሸጊያ ድረስ ሥራ ላይ እያለ በእግርዎ ይከተሉ። ዱቄት የሚወጣው በየመተላለፊያው ነው፦ ከከረጢት ወደ ሚዛን ሲገለበጥ፣ በወንፊት ሲነፋ፣ ሲፈጭ፣ ከማድረቂያው ሲወጣ፣ ወደ ማደባለቂያው ሲጫን፣ በመጭመቂያው መዶሻዎች ዙሪያ፣ ክኒኑ ከአቧራው በሚራገፍበት ማሽን ላይ። በየቦታው ቆመው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ ዱቄት ከነአካቴው እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል? በዝግ ቱቦ ማስተላለፍ፣ ክዳን መግጠም፣ ከምንጩ ላይ የሚስብ መምጠጫ መትከል ከቫኪዩም ይቀድማሉ። ቫኪዩም ያመለጠውን ይሰበስባል፤ እንዳያመልጥ የማድረግን ሥራ አይተካም።

በዚህ ጉብኝት ላይ መጥረጊያና የኮምፕሬሰር አየር ካዩ ዛሬውኑ ያስወግዷቸው። በአየር የተነፋ ዱቄት ከሚታይበት ወለል ተነሥቶ ወደሚተነፈስበት ከፍታ ይሄዳል፣ ቀጥሎም ቱቦና አምፖል ላይ ይቀመጣል። የኪንስተኑ ፍንዳታ ማገዶ የተከማቸውም እንዲህ ባለ ዓይን የማያገኘው ቦታ ነበር።

ሙሉ ማሽኑን እንጂ ማጣሪያውን ብቻ አይግዙ

ሻጭ «ሄፓ አለው» ሲልዎት ገና ምንም አልነገረዎትም። የሚጠይቁት ማሽኑ እንደ ማሽን በየትኛው ክፍል እንደተመሰከረለት ነው። ኢኤን 60335-2-69 የተባለው ደረጃ ቫኪዩሞችን ኤል፣ ኤምና ኤች ብሎ ይከፍላል። ኤል እስከ 1 በመቶ፣ ኤም እስከ 0.1 በመቶ፣ ኤች ደግሞ እስከ 0.005 በመቶ ብቻ ሊያሳልፉ ይፈቀዳል። ለፈዋሽ ንጥረ ነገር ዱቄት የሚሆነው ኤች ነው። ልዩነቱ ማጣሪያው ላይ ብቻ አይደለም፤ የኤች ማሽን ገላው፣ ጎሚኒውና ማጠራቀሚያው ጭምር እንደ አንድ ሆነው ይፈተናሉ። በጣም ጥሩ ሄፓ ጎሚኒው በተበላ ማሽን ውስጥ ከገባ አየሩ ማጣሪያውን ትቶ በቀላሉ በጎን ያልፋል።

ስለ ሄፓ በየፋብሪካው የሚሰማ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ፤ እሱን ማረም አያያዙንም ያቃናል። ሄፓ ወንፊት አይደለም። ወንፊት ከቀዳዳው የሚበልጠውን ያስቀራል፤ ሄፓ ግን የተዘበራረቀ የቀጫጭን ፋይበር ንጣፍ ነው። ትልቁ ቅንጣት ከአየሩ ጋር መታጠፍ አቅቶት ፋይበሩን ይመታና ይቀራል። እጅግ ደቃቁ ደግሞ የአየር ሞለኪውሎች እየገፉት ወዲያ ወዲህ ሲል ይጣበቃል። የሚያስቸግረው ከ0.1 እስከ 0.3 ማይክሮን ገደማ ያለው መካከለኛው ነው፤ ስለዚህ በአውሮፓው ደረጃ በኢኤን 1822 ማጣሪያ የሚፈተነው በሚያስቸግረው መጠን ነው። በዚህ ፈተና ኤች13 የተባለው 99.95 በመቶ፣ ኤች14 ደግሞ 99.995 በመቶ ይይዛል። ቁጥሮቹ የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ ግን በኤች13 የሚያልፈው በኤች14 ከሚያልፈው 10 እጥፍ ነው። ለኃይለኛ መድኃኒት ኤች14 ይምረጡ።

ሄፓ ውድና ተሰባሪ ስለሆነ ብቻውን አይተዉት። ከፊቱ ብዙውን ዱቄት የሚያስቀር ዋና ማጣሪያ፣ ዱቄቱ ብዙ ከሆነም ከእሱ በፊት ሳይክሎን ይኑረው። ሞተሩ ባለ ካርቦን ብሩሽ ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ በኋላ ሁለተኛ ሄፓ ያስፈልጋል፤ ብሩሹ እየተፋቀ የሚያወጣው ጥቁር ዱቄት ከአየሩ ጋር ወደ ንጹሕ ክፍልዎ ይገባልና። ባለ ብሩሽ ሞተር ለአጭር ጽዳት ይሆናል እንጂ ከመጭመቂያ ጋር ተያይዞ ሙሉ ፈረቃ አይሠራም። ለማያቋርጥ ሥራ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ብሩሽ የሌለው መሳቢያ ይግዙ። በሚፈነዳ ዱቄት አካባቢ ከሆነ ማሽኑ ለዚያ ቀጠና የተመሰከረለት መሆኑን በመለያ ሰሌዳው ላይ የተቀረጸውን የአቴክስ ምልክት አይተው ያረጋግጡ። ከመጭመቂያው ጋር የተገጠመውንና ወለል የሚያጸዳውን ማሽን አይቀላቅሏቸው። የፔኒሲሊንና የዘመዶቹ ማሽን ደግሞ ቢታጠብም፣ ቢጸዳም፣ ቢበላሽም ከሕንጻው አይወጣም።

ካታሎጉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው

ይህ በኛ አገር ፋብሪካዎች በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። የቫኪዩም አቅም በካታሎግ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ለባሕር ወለል አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቂሊንጦ፣ ገላን፣ ዱከምና አዲግራትም ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ያሉ ናቸው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው አራት እጅ ሦስት እጁን ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ መሳቢያው የሚፈጥረው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ካታሎጉ 250 ሚሊ ባር ያለው ማሽን እዚህ ወደ 190 ሚሊ ባር ይወርዳል። ሞተሩም በሳሳ አየር በደንብ አይቀዘቅዝም። የኤሌክትሪክ ሞተሮች መደበኛ አቅም የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ አምራቹ ራሱ አቅሙን ቀንሶ ማስላት አለበት።

ስለዚህ የግዥ ሰነዱ ላይ የፋብሪካውን ከፍታ በሜትር ይጻፉ። «በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ርዝመት ጎማ፣ ማጣሪያው በግማሽ ሲቆሽሽ የሚሰጠው የአየር መጠን ስንት ነው?» ብለው በጽሑፍ መልስ ይጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቀውም።

የሚያስፈልግዎትን የአየር መጠን ራስዎ ማስላት ይችላሉ። ደረቅ ዱቄት በቱቦ ውስጥ ሳይቀመጥ እንዲሄድ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ፍጥነት ይፈልጋል። የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎማ ይህን ፍጥነት ለማግኘት በሰዓት 140 ሜትር ኩብ ያህል አየር ያስፈልጋል። ያንኑ ማሽን በ70 ሚሊ ሜትር ጎማ ቢሠሩበት ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርድና ዱቄቱ ጎማው ሆድ ውስጥ ይተኛል። የተኛው ዱቄት ጎማው ሲነቀል ወለሉ ላይ ይዘረገፋል፤ ምርት ሲቀየር ደግሞ ወደ ቀጣዩ ምርት ይሻገራል። ሰፋ ያለ ጎማ የተሻለ ይስባል የሚለው አስተያየት በየጊዜው ይነሣል፤ እስካልተሰላ ድረስ አይቀበሉት።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም አስቀድመው ያስቡ። መሳቢያው ሲቆም በመጭመቂያው ውስጥ የነበረው ዱቄት መያዣ ያጣል። ጄኔሬተር ሲነሣ መጭመቂያው ከቫኪዩሙ ቀድሞ እንዳይሠራ ሁለቱን በኤሌክትሪክ ያያይዟቸው፤ ቫኪዩሙ ሙሉ ፍጥነት ሳይደርስ መጭመቂያው አይነሣ። ሠራተኛውም መብራት እንደጠፋ የመጀመሪያ ሥራው የመምጠጫውን አፍ በመክደኛ መድፈን ይሁን።

ስታቲክና ኧርዝ

ዱቄት በፕላስቲክ ጎማ ውስጥ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ በበጋ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል። ጎማው፣ የመምጠጫው አፍና ማጠራቀሚያው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ መሆን አለባቸው። ከአፉ ጫፍ እስከ ኧርዝ ያለው ሬዚስታንስ ከ1 ሜጋ ኦም በታች መሆኑን ኤሌክትሪሺያኑ በየጊዜው ለክቶ ይመዝግብ። የተቀደደ ጎማን በፕላስተር መጠገን ይህን መስመር ያቋርጣል፤ የተቀደደ ጎማ ይጣላል። አንድ ነገር በተለይ ይፈትሹ፦ ማሽኑ ባለ ሦስት ሽቦ ሆኖ ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው ኤክስቴንሽን ከተሰካ ኧርዙ እዚያው ተቆርጧል። የሶኬቱም ኧርዝ ከመሬት ጋር በእርግጥ መገናኘቱን ያስለኩ።

ማሽኑ ሲገባና በየዕለቱ

አዲስ ማሽን ሲረከቡ የሄፓው የምስክር ወረቀት ቁጥር ማጣሪያው ላይ ካለው ቁጥር ጋር መግጠሙን ያመሳክሩ። በጉዞ ላይ የተመታ ማጣሪያ ከውጭ ምንም ላይታይበት ይችላል። ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ በቦታው ላይ ይፈተን፤ ፒኤኦ የተባለ ዘይት በጭጋግ መልክ ከፊቱ ይለቀቅና ከኋላው የሚያልፈው በፎቶሜትር ይለካል። በአብዛኛው የሚሠራበት የመፍሰስ ገደብ 0.01 በመቶ ነው። ፈተናው ማጣሪያ በተለወጠ ቁጥርና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይደገም። ማጣሪያ ከውጭ እስኪገባ የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ጊዜ እንደሚወስድ ስለሚያውቁ፣ አንዱን ሲገጥሙ ቀጣዩን ይዘዙ። መጋዘን ውስጥ ማጣሪያ የሌለው ፋብሪካ የቆሸሸውን አራግፎ ለመመለስ ይገደዳል።

በዕለታዊ ጽዳት ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ ይሂዱ። ማሽን ጀርባ፣ የአየር ቱቦ አናት፣ የአምፖል ሽፋን፣ የኮርኒስ ላይ ክፍተት በጽዳት ዝርዝሩ ውስጥ በስማቸው ይጻፉ፤ «አካባቢው ይጸዳል» የሚል መስመር ማንንም ኮርኒስ ላይ አያወጣም። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደረጃዎች ለፍንዳታ ሥጋት እንደ መነሻ የሚወስዱት የተኛ ዱቄት ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኃይለኛ መድኃኒት ግን ጣት ቢያስነኩ ነጭ ምልክት የሚተው ሁሉ ብዙ ነው። የመምጠጫውን አፍ ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱ፤ ክምር ውስጥ አይክተቱት። ሲጨርሱ አፉን ወደ ላይ አንሥተው ማሽኑን ትንሽ ያቆዩት፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ዱቄት ተጠቃሎ ይግባ። ከዚያ የጎማውን ሁለቱንም ጫፍ ይክደኑ፤ ውጩን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ኃይለኛ መድኃኒት የነበረበት ገጽ ከቫኪዩም በኋላ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል አለበት፤ ቫኪዩም ብቻውን ገጽ አያነጻም።

ማጠራቀሚያውን ሲያወጡ

የሥራው ከባዱ ሰዓት ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ከክፍሉ ሁሉ የተለቀመው ዱቄት አሁን በአንድ ከረጢት ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ደረት ፊት ነው። ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመድቡት አዲሱን ወይም ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለውን ሠራተኛ ነው። ሊሆን የሚገባው ተቃራኒው ነው፤ የሠለጠነና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይመድቡ።

ቦታው አየሩ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ክፍል ይሁን። ሁለት ሰው ይግባ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያቀብላል። ሁለቱም የሚጣል ጋውን፣ ድርብ ጓንትና ፊታቸው ላይ ልክ የገጠመ ፒ3 ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያድርጉ፤ ለኃይለኛ መድኃኒት አየር የሚነፋበት ራስ መሸፈኛ ይሻላል። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ተራ ማስክ እዚህ አይሠራም፤ ጢም ያለው ሰው ፊት ላይም ጭንብል አይገጥምም። ማሽኑን ያጥፉ፣ መግቢያውን ይድፈኑ፣ ዋናውን ማጣሪያ በመያዣው ያራግፉና ዱቄቱ እስኪሰክን ይጠብቁ። ለማራገፍ ተብሎ ክዳን አይከፈት።

አሁን ከረጢቱን አንገቱ ላይ ይያዙት። እዚህ ጋር እጅ በልማድ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፦ ከረጢቱ እንዲያንስ አየሩን ጨመቅ ማድረግ። አይጨምቁት። በውስጡ ያለው አየር ዱቄት የያዘ ስለሆነ በአንገቱ በኩል ቀጥታ ወደ ፊትዎ ይወጣል። አንገቱን በቀስታ ይጠምዝዙ፣ በፕላስተር ያጥብቁ፣ ከዚያ አራት ጣት ያህል በተራራቁ ሁለት ቦታዎች በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍረው ከመካከላቸው በመቀስ ይቁረጡ። በዚህ መንገድ የላይኛውም የታችኛውም ጫፍ እንደተዘጋ ይቀራል። ያልተቋረጠ ረጅም ከረጢት የሚጠቀሙ ማሽኖች የተሠሩት ለዚሁ ዘዴ ነው፤ አንዱ ሲቆረጥ የላይኛው ጫፍ የቀጣዩ ከረጢት መቀመጫ ይሆናል፤ ማሽኑ አንድም ጊዜ አይከፈትም። የመግዛት አቅም ካለዎት ይህን ይምረጡ። የተቆረጡትን ጫፎች በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ከረጢቱን ሁለተኛ ከረጢት ውስጥ ይክተቱ፤ የምርቱን ስም፣ ቀኑንና አደገኛነቱን ይጻፉበት።

ሄፓውን ሲቀይሩም ሕጉ አንድ ነው፦ እጅና ማጣሪያ በቀጥታ አይገናኙ። ለኃይለኛ መድኃኒት የተሠሩ ማሽኖች ማጣሪያው ከረጢት ውስጥ እንዳለ የሚወጣበት ዘዴ አላቸው። ያ ከሌለ የሄፓውን የቆሸሸ ገጽ ከመንካትዎ በፊት በደቃቁ ውኃ ረጭተው ያርጥቡት። አሮጌው ሲወጣ ጎሚኒውን በእጅ ባትሪ ከጎን እያበሩ ዙሪያውን ይዩት። ዱቄቱ በጎሚኒው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። ጎሚኒውን አቋርጦ ወደ ንጹሑ ወገን የሚሄድ ቀጭን ነጭ መስመር ካዩ ማሽኑ እስካሁን ሲያሾልክ ነበር። አዲስ ማጣሪያ ገጥመው ዝም አይበሉ፤ ያ ማሽን የሠራባቸው ቀናት ምርት ለጥራት ክፍል ይነገር።

የውጨኛውን ጓንት እዚያው ቆሻሻ ውስጥ ሳያወልቁ የበር እጀታ አይንኩ። ከረጢቱ ለመድኃኒት ቆሻሻ በተፈቀደ ማቃጠያ ይወገድ፤ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይሂድ። እንደ ቆሼ ባሉ የቆሻሻ ክምሮች ላይ ፌስታል እየፈቱ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ያ ከረጢት በእነሱ እጅ መፈታት የለበትም።

ጌጁ ሲወርድ አይደሰቱ

ከማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚያሳይ ጌጅ የሌለው ማሽን አይግዙ። አዲስ ማጣሪያ በገጠሙበት ቀን ያለውን ንባብ በማሽኑ ገላ ላይ ይጻፉት፤ ከዚያ በየፈረቃው አንድ ጊዜ ይመዝገብ። ንባቡ ቀስ እያለ መውጣቱ ጤናማ ነው፤ ማጣሪያው እየሞላ ነው ማለት ነው። አምራቹ ያስቀመጠው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ይቀየራል። አደገኛው ቁልቁል መውረዱ ነው። ዋናው ማጣሪያ ሳይራገፍ ንባቡ በድንገት ከወረደ ማጣሪያው ተቀዷል፣ ወይም ጎሚኒው ከመቀመጫው ወጥቷል። ሠራተኞች ይህን «ዛሬ ደህና ይስባል» ብለው ያልፉታል፤ መምጠጡ በእርግጥ ስለሚጨምር። ማሽኑን ያቁሙት።

ሄፓን በኮምፕሬሰር መንፋት፣ ከግድግዳ ጋር ማጋጨት፣ ማጠብ ፋይበሩን ይቀደዋል። ቀዳዳው በዓይን አይታይም፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ዱቄትን አድቅቆ የሚረጭ ማሽን ይሆናል።

በመለኪያ ይፈትሹ፣ ሠራተኛውንም ያድምጡ

ይህ ሁሉ መሥራቱን የሚያረጋግጥልዎ የአየር ናሙና ነው። ትንሽ ፓምፕ በሠራተኛው ቀበቶ ላይ፣ የናሙና ማጣሪያው ደግሞ በኮሌታው አጠገብ ታስሮ ፈረቃውን ይውላል፤ ከዚያ ማጣሪያው በላቦራቶሪ ይለካል። የኃይለኛው መድኃኒት ዱቄት ለሙከራ አያስፈልግም። በዓለም ላይ የተለመደው ላክቶስ፣ ፓራሲታሞል ወይም ናፕሮክሲን ሶዲየም በምትኩ ማንቀሳቀስና እሱን መለካት ነው። የፋብሪካዎ ላቦራቶሪ ፓራሲታሞልን በየቀኑ ስለሚለካ መጀመር አይከብድም። ከፍተኛውን ቁጥር ከጽዳቱ ሰዓት ይልቅ ከረጢት በሚወጣበት ሰዓት ይጠብቁ፤ ያንን ሰዓት ለብቻው ያስለኩ። ውጤቱን ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተቆጣጣሪ ሲመጣ በእጅዎ የሚኖር ማስረጃ ይህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጓንትና ጭንብል ማደል የዚህ ግዴታ ትንሹ ክፍል ነው። በየወሩ እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ሳሉ፣ ማስነጠሱ፣ የደረት ማፈኑ ወይም የቆዳው ሽፍታ በእረፍት ቀን ይሻላል? ሥራ ሲመለሱስ ይነሣል? ከሥራ ጋር የሚመጣና ከእረፍት ጋር የሚሄድ ሳል የሥራ ቦታ አስም ምልክት ነው፤ ፔኒሲሊን በሚመረትበት ደግሞ በተለይ ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሲያገኙ ከዚያ ክፍል ያዛውሩት፤ ደመወዙንና ደረጃውን ግን አይንኩ፤ ይቀነስብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ሳሉን ይደብቃልና። ወደ ሐኪም ሲልኩትም የሠራባቸውን ምርቶች ስም፣ የደኅንነት መረጃ ቅጾቹን ቅጂና የአየር ናሙናውን ውጤት በእጁ ይስጡት።